በኢስታንቡል ጎዳናዎች የተነሱ የሙስሊም ሴቶች ፎቶግራፎች ምን ያህል ማስረጃ ይሆናሉ?

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የኦቶማን መንግሥት ዋና ከተማ በነበረችው ኢስታንቡል የተነሱ ፎቶግራፎች ዛሬም በመጻሕፍት፣ በቤተ መዘክሮችና በፖስት ካርድ ሰብሳቢዎች እጅ በብዛት ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል ተደጋግሞ የሚታየው በጋላታ ድልድይ ላይ ወይም በገበያ መግቢያ በኩል የሚያልፉ፣ ከራስ እስከ እግራቸው የተሸፈኑ ሙስሊም ሴቶች ምስል ነው። ከምስሉ ሥር የሚነበበው መግለጫ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ቃላት አይበልጥም። "የቱርክ ሴቶች" ወይም "የቁስጥንጥንያ ሴቶች በጎዳና ላይ" የሚል ነው። የሴቶቹ ስም፣ ወዴት ይሄዱ እንደነበር፣ ፎቶግራፉ የተነሳበት ዓመት፣ ያነሳውም ሰው ማንነት ብዙ ጊዜ አይገለጽም።

እንዲህ ያለ መግለጫ ብቻ የተጻፈባቸው ምስሎች ግን ለብዙ ክርክር ማስረጃ ሆነው ሲቀርቡ ኖረዋል። መንገደኞች የምሥራቁ ዓለም ለዘመናት ሳይለወጥ እንደቆየ ለማሳየት፣ የለውጥ አራማጆች የሴቶችን ጭቆና ለማስረዳት፣ ነባሩን ሥርዓት የሚደግፉ ወገኖች ደግሞ የጥንቱን ጨዋነት ለማስታወስ አንዱኑ ፎቶግራፍ ተጠቅመውበታል። ይሁንና በምስሎቹ ላይ የሚታየው ልብስ ራሱ ፎቶግራፎቹ በተነሱባቸው ዓመታት በፍጥነት ይለዋወጥ የነበረ በመሆኑ፣ ምስሎቹ "ያልተለወጠ" ለሚባል ነገር ማስረጃ ሊሆኑ አይችሉም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፈራጄ ወደ ቻርሻፍ

የኢስታንቡል ሙስሊም ሴቶች ከቤት ሲወጡ ለረጅም ዘመን ይለብሱት የነበረው ፈራጄ የተባለውን ሰፊና እጀ ረጅም ካባ ሲሆን፣ ፊታቸውን የሚሸፍኑት ደግሞ ያሽማክ በተባለ፣ በሁለት ቁራጭ ስስ ነጭ ጨርቅ በሚታሰር ዓይነ ርግብ ነበር። አንደኛው ቁራጭ ግንባርን፣ ሁለተኛው አፍንጫንና አፍን ሲሸፍን ዓይን ብቻ ይታያል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ያሽማኩ እየሳሳ ሄዶ የለባሿን ፊት በግልጽ የሚያሳይበት ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ፈራጄውም ቢሆን በአንገትጌው ስፋት፣ በቀለሙና በጌጡ ከዘመን ዘመን የተለያየ ነው። ከአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መንግሥት የአንገትጌውን ስፋት ሳይቀር የሚወስኑ ትእዛዞች ማውጣቱ፣ ልብሱ በየጊዜው ይለወጥ እንደነበር በራሱ የሚያመለክት ነው። ማንም ያልለወጠውን ነገር የሚከለክል መመሪያ አይጻፍም።

ብዙ ሰው የጥንት ልብስ አድርጎ የሚያስበው ጥቁሩ ቻርሻፍ በኢስታንቡል አንጻራዊ አዲስ መጥ ነበር። በ1870ዎቹ ከሶሪያ አካባቢ የመጣ መሆኑ የሚነገርለት ይህ ልብስ በመጀመሪያ ከራስ ጀምሮ መላ አካልን የሚጠቀልል አንድ ወጥ ጨርቅ ነበር። ፔቼ የተባለ ስስ የፊት መሸፈኛም አለው። ሱልጣን ዳግማዊ አብዱልሃሚድ በ1892 ቻርሻፍ እንዳይለበስ የሚከለክል ትእዛዝ አወጡ። ለክልከላው ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ የጸጥታ ስጋት ሲሆን፣ ልብሱ የለባሹን ማንነት ለመለየት ስለማያስችል ወንዶች ሊደበቁበት ይችላሉ የሚል ነበር። ትእዛዙ ግን ጎዳናውን አላሸነፈም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቻርሻፍ የከተማዋ ሴቶች የዘወትር ልብስ ሆነ፤ ፈራጄና ያሽማክም በቤተ መንግሥት አካባቢ ባሉ ሴቶች ዘንድ ትንሽ ቆይተው ቀሩ።

ከ1900 በኋላ ቻርሻፉም መልኩን ለወጠ። አንድ ወጥ የነበረው ጨርቅ ከወገብ በታች ጉርድ፣ ከላይ ደግሞ ትከሻና ክንድ የሚሸፍን ካባ ሆኖ በሁለት ተከፈለ። ካባው እያጠረ፣ ጉርዱ እየጠበበ፣ ፔቼው ወደ ኋላ እየተመለሰ ሄደ። በመሆኑም ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን የሚሄዱበት አንድ የጎዳና ፎቶግራፍ፣ አንደኛዋ በእናቷ ዘመን ልብስ፣ ሌላዋ በዚያው ዓመት በወጣ ስፌት የምትታይበት ሊሆን ይችላል። መግለጫው "የቱርክ ሴቶች" ብሎ ሁለቱንም በአንድ ቃል ሲያልፋቸው ዋናው ታሪክ ይጠፋል።

በፎቶ ቤት የተሠራ ጎዳና

የኢስታንቡል የፎቶግራፍ ሥራ ማዕከል ፔራ የተባለው የከተማዋ ክፍል ሲሆን፣ ከፎቶ ቤቶቹ ባለቤቶች አብዛኞቹ አርመኖች፣ ግሪኮችና ሌሎች የክርስቲያን ማኅበረሰብ አባላት ነበሩ። የሱልጣኑ ይፋዊ ፎቶ አንሺዎች የነበሩት አርመናውያኑ አብዱላህ ወንድማማቾች፣ እንዲሁም በ1888 የተቋቋመው የሴባህና ዦአይዬ ፎቶ ቤት በስፋት ይታወቃሉ። የእነዚህ ፎቶ ቤቶች ደንበኞች የከተማዋ ነዋሪዎች ብቻ አልነበሩም። በመርከብና በባቡር የሚመጣው አውሮፓዊ ጎብኚ አገሩ ሲመለስ የሚያሳየው ምስል ይፈልጋል። ከሚፈለጉት ምስሎች መካከል ደግሞ የተሸፈነችው ሴት ቀዳሚዋ ነበረች።

ችግሩ የነበረው ሙስሊም ሴት ለሽያጭ በሚውል ፎቶግራፍ ላይ ለመታየት በወንድ ፎቶ አንሺ ፊት የመቆም ልማድ የሌላት መሆኑ ነው። ፎቶ ቤቶቹ ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ቀላል ነበር። ከሌላው ማኅበረሰብ የመጡ ሴቶች በክፍያ ፈራጄና ያሽማክ ወይም ቻርሻፍ እየለበሱ በተቀባ መጋረጃ ፊት እንዲቀመጡ ይደረግ ነበር። ከዚያም ምስሉ "ቱርካዊት እመቤት" በሚል መግለጫ ይሸጣል። ስለዚህ ከዚያ ዘመን የተረፉ በርካታ "የሙስሊም ሴት" ፎቶግራፎች ላይ የምትታየው ሴት ሙስሊም አይደለችም፤ ልብሱም የፎቶ ቤቱ ንብረት ነው። አንዱ ልብስ በተለያዩ ሴቶች ላይ ተደጋግሞ መታየቱም ጉዳዩን ላስተዋለ ሰው ያጋልጠዋል።

መንግሥት ራሱም ከዚህ አሠራር ውጭ አልነበረም። በ1873 በቪየና ለተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የኦቶማን መንግሥት "ኤልቢሴ ኢ ኦስማኒዬ" በሚል ርዕስ የግዛቱን አልባሳት የሚያሳይ ትልቅ የፎቶግራፍ መጽሐፍ አዘጋጅቶ ነበር። ዝግጅቱን የመሩት ሠዓሊውና የመንግሥት ሹሙ ኦስማን ሃምዲ ቤይ ከማሪ ደ ሎኔ ጋር ሲሆን፣ ፎቶግራፎቹን ያነሱት ፓስካል ሴባህ ናቸው። በሰባ አራቱ ሰሌዳዎች ላይ የሚታዩት ሰዎች ከየክፍለ ሀገሩ ተጠርተው የመጡ አልነበሩም፤ ለፎቶግራፉ ሲባል ልብሱን የለበሱ ነበሩ። የመጽሐፉ ዓላማ አልባሳቱን መመዝገብ እንደመሆኑ ይህ እንደ ጉድለት ላይቆጠር ይችላል። ነገር ግን ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ የመጡ የፖስት ካርድ አሳታሚዎች ይህንኑ ዘዴ ያለምንም ማብራሪያ ተጠቀሙበት።

ፖስት ካርዱ ጉዳዩን ይበልጥ አወሳሰበው። በኦቶማን ግዛት የመጀመሪያው ታዋቂ የፖስት ካርድ አሳታሚ ማክስ ፍሩህተርማን ሥራውን የጀመረው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ ከ1900 እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ድረስ የነበረው ጊዜ የንግዱ ወርቃማ ዘመን ነበር። ካርዶቹ በአብዛኛው የሚታተሙት በአውሮፓ ነው። በጥቁርና ነጭ የተነሳው ምስል ላይ ቀለም የሚጨምሩት ደግሞ ልብሱን በዓይናቸው ያላዩ የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ነበሩ። በመሆኑም አንዱ ፎቶግራፍ በአንድ ካርድ ላይ ሐምራዊ፣ በሌላው ላይ አረንጓዴ ቻርሻፍ ይዞ ብቅ ይላል። ስለ ልብስ ቀለም ለሚያጠና ሰው እንዲህ ያለው ካርድ ምንም አይነግረውም። አንዱ ምስል በአሥር ዓመት ልዩነት በተለያየ መግለጫ ታትሞ የተገኘበት ሁኔታም አለ።

ይህ አሠራር የኢስታንቡል ብቻ አልነበረም። በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው አልጄሪያ ነገሩ እጅግ የከፋ ሲሆን፣ አልጄሪያዊው ጸሐፊ ማሌክ አሉላ በ1981 ባሳተሙት ጥናት ከ1900 እስከ 1930 ባሉት ዓመታት የተሸጡት የአልጄሪያ ሴቶች ፖስት ካርዶች በፎቶ ቤት ውስጥ በክፍያ የተቀናበሩ መሆናቸውን አሳይተዋል። በኢስታንቡልና በአልጀርስ መካከል ግን አንድ ልዩነት አለ። የኢስታንቡል ሴቶች በዚያው ዘመን ስለ ራሳቸው የሚጽፉባቸው ጋዜጦችና መጽሔቶች ነበሯቸው። ወደዚህ ጉዳይ ከመሄድ በፊት ግን ስለ ካሜራው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል።

ቆማ የጠበቀችው ሴት

ፎቶግራፍ ከፎቶ ቤት ወጥቶ ወደ ጎዳና የወረደው ቴክኒኩ ስለፈቀደ ነው። ከ1880ዎቹ ጀምሮ ለገበያ የቀረበው ደረቅ የመስታወት ሰሌዳ የአንድ ሰከንድን ክፋይ በሚያህል ጊዜ ምስል መያዝ ያስቻለ ሲሆን፣ በ1888 የወጣው የኮዳክ ካሜራም ጥቅል ፊልም ይዞ በእጅ የሚያዝ ነበር። ከዚያ በኋላ ጎብኚው ሳያስፈቅድና ሳያሳውቅ አላፊ አግዳሚውን ማንሳት ቻለ። በዘመኑ የተነሱ በርካታ የጎዳና ምስሎች ላይ ሴቶቹ ከጀርባ ወይም ከጎን የሚታዩት፣ አንዳንዶቹም ፔቼያቸውን ሲያወርዱ ወይም ፊታቸውን ሲያዞሩ የሚታዩት ለዚህ ነው። ያ እንቅስቃሴ የዘወትር ልማዳቸው ሳይሆን ለካሜራው የሰጡት መልስ ሊሆን ይችላል።

የቀለም ፎቶግራፍ ግን ሌላ ነገር ነው። የፈረንሳይ ተወላጆች የሆኑት የሉሚየር ወንድማማቾች በ1907 ለገበያ ያቀረቡት አውቶክሮም የተባለው ሰሌዳ፣ በብርቱካንማ ቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ወይን ጠጅ ቀለም የተነከሩ ደቃቅ የድንች ስታርች ቅንጣቶች የተነሰነሱበት መስታወት ነው። ብርሃን በእነዚህ ቅንጣቶች አልፎ ስለሚመዘገብ የሚታየው ቀለም ከማተሚያ ቤት ሠራተኛ ብሩሽ የመጣ አይደለም። ድክመቱ ዝግታው ነበር። በጠራራ ፀሐይ እንኳ አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ካሜራው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ መተከል አለበት፤ የሚነሳው ሰውም መንቀሳቀስ የለበትም።

ይህን ዘዴ በስፋት የተጠቀሙበት ፈረንሳዊው ባለባንክ አልበር ካን ናቸው። ካን ከ1909 ጀምሮ በገንዘባቸው ፎቶ አንሺዎችን ወደ ልዩ ልዩ አገሮች በመላክ "የዓለም መዛግብት" የሚል ስያሜ የሰጡትን ስብስብ አቋቋሙ። ከ1912 ጀምሮ ሥራውን በሳይንሳዊ መንገድ የመሩት የጂኦግራፊ ምሁሩ ዣን ብሩን ነበሩ። የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ ካንን ለኪሳራ ዳርጓቸው ሥራው በ1931 እስኪቋረጥ ድረስ ከ50 በሚበልጡ አገሮች 72 ሺህ የሚሆኑ የአውቶክሮም ሰሌዳዎች ተሰብስበዋል። ስቴፋን ፓሴ በመስከረም 1912 ኢስታንቡል ውስጥ፣ ኦግዩስት ሌዮን በቀጣዩ ወር ከብሩን ጋር በሳራዬቮ፣ ፍሬዴሪክ ጋድመር ደግሞ በ1922 እንደገና በኢስታንቡል ሠርተዋል።

በእነዚህ ሰሌዳዎች ላይ ጥርት ብላ የምትታይ ሴት ሁሉ ቆማ የጠበቀች ሴት ናት። ይህ ቀላል የሚመስል ቴክኒካዊ እውነታ የምስሉን ትርጉም ይለውጠዋል። ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ሲተከል አይታለች፤ እንድትቆም በቃልም ሆነ በምልክት ተጠይቃለች፤ እርሷም በፈቃዷ፣ በገንዘብ ወይም በአጠገቧ ባለ ሰው ግፊት ቆማለች። ያልቆሙት በሰሌዳው ላይ የጭስ ያህል ጥላ ሆነው ቀርተዋል። ጎዳናው ባዶ መስሎ የሚታይባቸው አንዳንድ የአውቶክሮም ምስሎችም በእውነት ባዶ የነበረ ጎዳናን የሚያሳዩ ሳይሆኑ ሰው ሁሉ ይንቀሳቀስበት የነበረን ጎዳና የሚያሳዩ ናቸው። ስለዚህ ከእነዚህ ምስሎች ተነስቶ "በዚያን ዘመን ሴቶች ከቤት አይወጡም ነበር" ብሎ መደምደም ስህተት ነው።

የፖሊስ ማስታወቂያና የጎዳናው መልስ

ፓሴ ኢስታንቡልን ፎቶ ባነሱ በዓመቱ፣ በ1913፣ ኑሪዬ ኡልቪዬ የተባሉ ሴት "ካድንላር ዱንያሲ" ማለትም "የሴቶች ዓለም" የተባለ ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ። ከጋዜጣው ጋር የተቆራኘው የኦቶማን ሴቶች መብት ተሟጋች ማኅበርም በዚያው ዓመት ተመሠረተ። ማኅበሩ ከያዛቸው ዓላማዎች መካከል የሴቶችን የውጭ አለባበስ ማሻሻልና ሴቶች በሥራ ላይ እንዲሰማሩ ማድረግ ይገኙበታል። በከተማዋ የነበረው የስልክ ድርጅት ሙስሊም ሴቶችን የቋንቋ ችሎታ በሚል ምክንያት ሳይቀጥር ሲቀር ማኅበሩ ባካሄደው ዘመቻ ጥቂት ሴቶች በ1913 ሥራ አገኙ። ጋዜጣው የሙስሊም ሴቶችን ፎቶግራፍ ከነስማቸው ማተሙ ደግሞ በዘመኑ አዲስ ነገር ነበር። ከፔራ ፎቶ ቤቶች ስም የለሽ "እመቤቶች" ቀጥሎ የመጣው ይህ ገጽ ነው።

ከ1914 በኋላ ወንዶች ወደ ጦር ግንባር ሲዘምቱ ለውጡ ተፋጠነ። በ1914 ለሴቶች የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተከፈተ። በ1916 ሴቶችን በሥራ ላይ ለማሰማራት የተቋቋመ ማኅበር በጦር ሚኒስትሩ በኤንቬር ፓሻ የበላይ ጠባቂነት ሥራ ጀመረ። ሴቶች በፖስታ ቤት፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በፋብሪካና በጎዳና ጽዳት ጭምር መታየት ጀመሩ። ጉርዱ አጠረ፤ ፔቼውም ከፊት ላይ እየተነሳ ሄደ።

በ1917 በኢስታንቡል ግድግዳዎች ላይ የተለጠፈ አንድ የፖሊስ ማስታወቂያ የዚያን ጊዜ ሁኔታ ከየትኛውም ፎቶግራፍ በተሻለ ያሳያል። ጋዜጠኛው አህመት ኤሚን ያልማን ቱርክ በዓለም ጦርነት ስለነበራት ሁኔታ በ1930 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደመዘገቡት፣ ማስታወቂያው በዋና ከተማዋ ጎዳናዎች ላይ አሳፋሪ ፋሽን እየታየ መሆኑን ይገልጽና ሙስሊም ሴቶች ጉርዳቸውን እንዲያስረዝሙ፣ ኮርሴት እንዳያደርጉና ወፍራም ቻርሻፍ እንዲለብሱ ያዛል። ለዚህም የሁለት ቀን ጊዜ ይሰጣል። ማስታወቂያው ከፍተኛ ተቃውሞ በማስነሳቱ ብዙም ሳይቆይ ተሻረ። የፖሊስ ዋና ዳይሬክቶሬት ባወጣው ሌላ ማስታወቂያ የመጀመሪያው ትእዛዝ በአንድ የበታች ሠራተኛ እንደወጣና ሠራተኛውም ወደ ኋላ የቀሩ አሮጊቶችን ቃል ሰምቶ እንደተሳሳተ በመግለጽ ኃላፊነቱን ከራሱ ላይ አወረደ።

ኃላፊነትን ወደ በታች ሠራተኛ የማውረድ ልማድ በየትም አገር የታወቀ ስለሆነ በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ለፎቶግራፍ ጥናት የሚጠቅመው ግን ሌላው ነጥብ ነው። የ1892ቱ ትእዛዝ ቻርሻፍን ከለከለ፤ የ1917ቱ ማስታወቂያ ደግሞ ወፍራም ቻርሻፍ እንዲለበስ አዘዘ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 25 ዓመት ብቻ ነው። ሁለቱም አልተፈጸሙም። በአንድ ጎዳና፣ አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአንድ ልብስ ምክንያት ሁለት ተቃራኒ ትእዛዞች ሲደርሷት፣ ልብሱን "ጥንታዊ ሥርዓት" ብሎ የጻፈው የፖስት ካርድ መግለጫ ምን ያህል ከእውነታው እንደራቀ ግልጽ ይሆናል።

ከልብሱ ይልቅ ሽቦውን ማየት

ቀን ያልተጻፈበትን የኢስታንቡል የጎዳና ፎቶግራፍ ዘመን ለማወቅ የሚፈልግ ባለሙያ መጀመሪያ የሚመለከተው ሴቶቹን አይደለም። በከተማዋ የኤሌክትሪክ ትራም ሥራ የጀመረው በ1914 በመሆኑ፣ ከጎዳናው በላይ የተዘረጋ የትራም ሽቦ የሚታይበት ምስል ከዚያ በፊት ሊነሳ አይችልም። ከዚያ በፊት ትራሙን የሚስቡት ፈረሶች ነበሩ። የጋላታ ድልድይም እንዲሁ አመልካች ነው፤ አሮጌው ድልድይ በአዲስ የተተካው በ1912 ነው። ወንዶቹ ሁሉ ጠርቡሽ የተባለውን ቀይ ቆብ ካደረጉ ምስሉ ከ1925 የባርኔጣ ሕግ በፊት የተነሳ ሲሆን፣ የሱቆቹ ጽሑፍ በላቲን ፊደል ብቻ ከሆነ ደግሞ ከ1928 የፊደል ለውጥ በኋላ ነው። ልብሱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቻርሻፉ አንድ ወጥ ነው ወይስ ሁለት ክፍል ያለው? ካባው እስከ ወገብ ይደርሳል ወይስ እስከ ክርን? ጫማው ይታያል?

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚፈጸም አንድ ስህተት አለ። ፊቷን ያልሸፈነች ሴት የምትታይበት ምስል ሁሉ "ከሪፐብሊኩ በኋላ" ተብሎ ይመደባል፤ የተሸፈነችው ደግሞ "ከሪፐብሊኩ በፊት" ትባላለች። ሆኖም የ1925ቱ የባርኔጣ ሕግ የወንዶችን ራስ መሸፈኛ እንጂ የሴቶችን የሚመለከት አልነበረም። በአታቱርክ ዘመን በመላ ቱርክ የሴቶችን ዓይነ ርግብ የሚከለክል ሕግ አልወጣም። በ1930ዎቹ የተወሰኑ ከተሞች ምክር ቤቶች ፔቼንና ቻርሻፍን የሚከለክሉ ውሳኔዎች አሳልፈዋል። በአገር አቀፍ ደረጃ በፖሊስ ኃይል ጭምር ክልከላ ያደረገችው ኢራን ስትሆን፣ ይህም የሆነው በጥር 1936 ነው። ሬዛ ሻህ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ሳይሸፈኑ በቴህራን በተዘጋጀ ይፋዊ ሥነ ሥርዓት ላይ ይዘው በመገኘት ፎቶግራፍ እንዲነሱ ያደረጉ ሲሆን፣ ክልከላው ከሥልጣን እስከወረዱበት እስከ 1941 ቆይቷል። የሁለቱ አገሮች ፎቶግራፎች በአንድ መግለጫ ሥር ተቀላቅለው ሲቀርቡ፣ አንባቢው በአንዱ አገር የሆነውን በሌላው የሆነ አድርጎ ይረዳል።

የሐረር ፖስት ካርዶች

የኢስታንቡልን ፎቶ ቤቶች የፈጠረው የአርመን ፎቶ አንሺዎች ሙያ ወደ ኢትዮጵያም መጥቷል። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩ ሲሆን፣ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒም በዚሁ ሙያ ተተክተዋል። ወደ ሐረር ካሜራ የገባው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ከተማዋ በግብፅ አስተዳደር ሥር በነበረችበት በ1883 ፎቶግራፎች አንስቷል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሐረርን የሚያሳዩ ፖስት ካርዶች በፈረንሳይኛ አጭር መግለጫ እየታተሙ ተሽጠዋል። እዚህም "የሐረር ሴት" የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። በጁገል ግንብ ውስጥና በዙሪያው የሐረሪ፣ የኦሮሞ፣ የአርጎባና የሶማሌ ሴቶች ይኖራሉ፤ ይገበያያሉም። ያገባች የሐረሪ ሴት ፀጉሯን ከመሃል ከፍላ ከሁለቱ ጆሮዎቿ በስተጀርባ በመጠቅለል ጉፍታ በተባለ መረብ መሰል ጨርቅ ታስረዋለች። ይህንን አሠራር እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 ከተማዋን በጎበኘ ጊዜ ጽፎታል። በመሆኑም በአንድ የገበያ ፎቶግራፍ ላይ ጉፍታ ያሰረችውንና ያላሰረችውን ሴት መለየት የሚችል የአካባቢው ሰው፣ የካርዱ አሳታሚ ያልጻፈውን ሊያነብ ይችላል። የሐረር ጁገል በ2006 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ እንዲህ ያሉ አሮጌ ምስሎች በመጻሕፍትና በበራሪ ወረቀቶች ላይ በብዛት መውጣታቸው አልቀረም። አብዛኞቹ ይዘው የሚወጡት ግን ያንኑ የፈረንሳይኛ መግለጫ ትርጉም ነው።

ሌንሱን የያዘችው ሴት

በኢስታንቡል ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ ያየችው አንዲት ሴት ነበረች። ናጂዬ ሃኒም፣ በኋላ ሱማን የሚል የቤተሰብ ስም የያዙት፣ በ1919 "የቱርክ ሴቶች ፎቶ ቤት" በሚል ስም በራሳቸው ቤት ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ባለቤታቸው የጦር መኮንን ነበሩ። ከተማዋ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አሸናፊ ኃይሎች ቁጥጥር ሥር የወደቀችበት ጊዜ በመሆኑ ቤተሰቡ የሚተዳደርበት ገቢ ያስፈልገው ነበር። በወንድ ፎቶ አንሺ ፊት ለመቀመጥ የማይፈልጉ ሴቶች ወደ ናጂዬ ሃኒም መጥተው ዓይነ ርግባቸውን ገልጠው፣ በራሳቸው ልብስ፣ በራሳቸው ገንዘብ ፎቶግራፍ ተነሱ። እነዚህ ምስሎች ለጎብኚ የሚሸጡ አልነበሩም። በየቤቱ በሳጥንና በአልበም ውስጥ የሚቀመጡ፣ በሩቅ ላለ ባል ወይም ወንድም የሚላኩ ነበሩ። በዚህም ምክንያት ከእነዚህ ውስጥ በሕዝብ መዛግብት የተገኙት በጣም ጥቂት ናቸው።

የአልበር ካን ሰሌዳዎች ግን በፓሪስ አቅራቢያ ቡሎኝ ቢያንኩር በሚገኘውና በስማቸው በሚጠራው ቤተ መዘክር ተጠብቀው በኢንተርኔትም ለሕዝብ ቀርበዋል። ስቴፋን ፓሴ በመስከረም 1912 ያነሷቸው የኢስታንቡል ምስሎች መዝገብ የፎቶ አንሺውን ስም፣ የከተማዋን ስምና ጊዜውን ይገልጻል። ቆማ የጠበቀችው ሴት ስም የሚገባበት ቦታ ግን በመዝገቡ ውስጥ አልተዘጋጀም።